የመራራ ነዳጅ ጎትጓች

ቤት ውስጥ የሚጠሯት እሬቷ ብለው ነው። ስሙን ያወጣላት ታክሲ ነጂው ታናሽ ወንድሟ ሲሆን፣ ያወጣበት ምክንያት ግን ጠባይዋ አይደለም፤ በጠባይዋስ የሚያማርር የለም። ነገሩ የእጇ ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ዳቦ ቆርሳ ብታቀብለው፣ ገና አንዴ እንደጎረሰ ዓይኑ ፈጠጠ። ወደ ደጅ ሮጦ ተፋው፤ አፉን ደጋግሞ ተጉመጠመጠ፤ ከዚያ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመና፣ «አንቺ፣ እጅሽን በእሬት ነው እንዴ የምትታጠቢው?» አላት። ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ዳቦ የምትቆርሰው እናታቸው ብቻ ነች።

የእጇ ምሬት ከሥራዋ የመጣ ነው። ሥራዋን ሲጠይቋት «የምድጃ ነዳጅ አምራቾች ማኅበር ውስጥ ነኝ» ትላለች፤ ሰው በዚህ ከረካ ጥሩ፣ ካልረካ ግን ወንበር ስቦ ቢቀመጥ ይሻለዋል፤ ምክንያቱም ማስረዳት ትወዳለች። የማኅበሩ ነዳጅ ኤታኖል ነው። የሚሠራው ደግሞ ሞላሰስ ከሚባለው፣ ስኳር ፋብሪካ ስኳሩን ካወጣ በኋላ ከሚተርፈው ጥቁር ዝልግልግ ነገር ነው። ሞላሰሱ በውሃ ይቀጥናል፤ እርሾ ይገባበታል፤ እርሾው የቀረውን ስኳር እየበላ አልኮል ያወጣል። ከዚያ ይሞቃል። አልኮል ከውሃ ቀድሞ ይተናል፤ እንግዲህ እንፋሎቱን በቱቦ ወስዶ ማቀዝቀዝ ነው። በቱቦው ጫፍ ጠብ ጠብ የሚለው ፈሳሽ ምድጃ ላይ ሲቀጣጠል ሰማያዊ ነበልባል ይሰጣል፤ ጭስ የለው፣ ጥላሸት የለው። «አስቡት እስኪ፣ ሊደፋ ከነበረ ነገር የወጣ እሳት!» ትላለች፣ ገና ዛሬ ያየችው ይመስል።

ችግሩ፣ ይኸው ፈሳሽ ምድጃ ላይ ነዳጅ፣ ብርጭቆ ውስጥ ደግሞ መጠጥ መሆኑ ነው። አቅጥኖ የጠጣው ሰው ይሰክራል። ስለዚህ ነዳጁ ከግቢ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ነገር ይጨመርበታል። አንደኛው ሐምራዊ ቀለም ነው፤ ሰው በዓይኑ እንዲለየው። ሁለተኛው ነጭ ዱቄት ነው፤ ሰው በምላሱ እንዳይደርስበት። ዱቄቱ ሰው ከሚያውቃቸው መራራ ነገሮች ሁሉ ይብሳል ይባላል፤ በማንኪያ ጫፍ የተያዘው አንድ በርሜል ሙሉ ነዳጅ መራራ ያደርጋል።

ዱቄቱ ደግሞ አርፎ መቀመጥ አያውቅም። ከጓንት ወደ በር እጀታ፣ ከእጀታ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ብርጭቆ እያለ ይጓዛል፤ በዓይን አይታይ፣ በአፍንጫ አይሸት። በዚህ የተነሳ በመቀላቀያው ክፍል ሠራተኞች ዘንድ አንድ ልማድ አለ። እጅ ለእጅ አይጨባበጡም። ክርን ከክርን ገጨት አድርገው ነው ሰላም የሚባባሉት። በሩንም በክርን፣ መብራቱንም በክርን። ገበያ መሃል ሁለት ጎልማሶች ክርናቸውን ሲያጋጩ ካያችሁ፣ ያበዱ እንዳይመስሏችሁ፤ የመቀላቀያው ክፍል ሰዎች ናቸው።

እሬቷ በኬሚስትሪ እንደተመረቀች የተቀጠረችው በዚያ ክፍል ነበር። ኋላ ግን ማኅበሩ ከመንግሥት ጋር የሚነጋገርለት ሰው ሲያጣ «አንቺ አንደበት አለሽ» ተባለችና ጎትጓች ሆነች። ጉትጎታ ብዙ ሰው ጉቦ ይመስለዋል፤ እሷ ግን ለባለሥልጣን ሻይ እንኳ ጋብዛ አታውቅም። ሥራው እንዲህ ነው፤ ረቂቅ መመሪያው የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደተኛ ማወቅ፣ ከጠረጴዛው ባለቤት ጸሐፊ ጋር መግባባት፣ ኮሪደር ላይ ወንበር መያዝ፣ በሩ ሲከፈት ደግሞ የተዘጋጀውን ነገር በአጭሩ፣ በግልጽ፣ ውሸት ሳይጨምሩ መናገር። እናቷ ይህን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ፣ «እና ደጅ ጥናት ነው በይኛ!» ነው ያለችው።

በኮሪደሩ ሕይወት እሬቷ አንድ ነገር መልመድ ነበረባት፤ መጨባበጥ። ቢሮ ገብቶ ክርን የሚዘረጋ ሰው ጤነኛ አይመስልም። ስለዚህ በመቀላቀያው ክፍል በክርኗ፣ በመስሪያ ቤቶች በእጇ ሰላም ትላለች፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄድ ደግሞ እጇን ብዙ ጊዜ ትታጠባለች።

እናቷ ከታክሲ ማዞሪያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ሻይ ቤት አላት። አንድ ባንኮኒ፣ ሦስት አግዳሚ ወንበሮች፣ ኋላ ግድግዳው ላይ መስኮት የምታህል ቀዳዳ፤ በቃ። ዕድሜዋን በከሰል ነው ያፈላችው። ዓይኗ ሁልጊዜ እንዳለቀሰ ሰው ቀይ፣ ደረቷ ደግሞ ሳል የማይለየው ነበር። እሬቷ የኤታኖል ምድጃ ስታመጣላት መጀመሪያ «ይሄ ድምፅ የሌለው እሳት አይታመንም» ብላ ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ሳሉ ቀረ። ጓሮ ያለው የከሰል ጆንያም ተረሳ።

ኋላ የግብር መስሪያ ቤቱ አዲስ መመሪያ አወጣ። «ማንኛውም አልኮል» ይላል መመሪያው፣ የመጠጥ ኤክሳይዝ ታክስ ይከፍላል። ማንኛውም ማለት ማንኛውም ነው። ሐምራዊው የምድጃ ነዳጅም ከውስኪ እኩል ተሰለፈ። ዋጋው ከእጥፍ በላይ ዘለለ። ሻይ የሚጠጣ ሰው ደግሞ የውስኪ ግብር አይከፍልም፤ እናቷ ምድጃዋን ጠርጋ በጨርቅ ሸፈነችና ወደ ከሰሏ ተመለሰች። ሳሉም ተመለሰ።

እሬቷ በዚያ ጉዳይ መስሪያ ቤቱን ደጅ ስትጠና ከረመች። በመጨረሻ ጉዳዩን የሚያይ ኮሚቴ ተሰየመና የቀጠሮ ቀን ተቆረጠ። በቀጠሮው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት ጎራ ስትል እናቷ ከሰሉን በካርቶን ቁራጭ ታራግባለች፤ ወንድሟ ደግሞ ታክሲውን ከውጭ አቁሞ ሻይ ይጠጣል።

«መጣችልሽ፣ ያቺ የመንግሥት ራስ ምታት» አለ ወንድሟ።

«ዝም በል፣ ሻይህን ጠጣ። ነገ ነው አይደል?» አለች እናቷ።

«ነገ ነው እማዬ።»

«እምቢ ካሉሽስ?»

«እምቢ ካሉ ማኅበሩ የምድጃውን ነዳጅ ማምረት ያቆማል። የሚገዛው ከሌለ ምን ያደርግለታል?»

«ታዲያ ምናለበት፣ እኔ እንደሆነ ከሰሉን ለምጄዋለሁ» ብላ ሳትጨርስ ሳሉ ያዛት። ባንኮኒውን ደገፍ ብላ እስኪያልፍላት ጠበቀች። ወንድሟ ቀልዱን ዋጠው።

«ለምጄዋለሁ ትላለች እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «እሬቷ፣ ነገ እንደምንም አሳምኛቸው። ከፈለግሽ ዳቦ ቆርሰሽ አብያቸው።»

ሳቁ። ሳቃቸው ግን ረዥም አልነበረም።

ኮሚቴው አንድ ነገር አዞ ነበር፤ መራራው ዱቄት ራሱ ይቅረብ። ይህን የጠየቁት በኮሚቴው ውስጥ የምርመራ ኃላፊ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ናቸው። «መራራ ነው፣ መራራ ነው ይላሉ፤ እኔ እስካሁን ያየሁት ቀለም ብቻ ነው» ብለዋል አሉ። ስለዚህ እሬቷ በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያ ወደ መቀላቀያው ክፍል ሄደች። ከቀድሞ ባልደረቦቿ ጋር ክርን ተጋጨች፤ ጓንት አጠለቀች፤ ከዱቄቱ ቆንጠር አድርጋ በትንሽ ጠርሙስ ከተተች፤ ከደነች፤ በፕላስቲክ ጠቀለለች። ከዚያ ቦርሳዋን ከወንበሩ አነሳችና ጠርሙሱን አስቀመጠች። ጓንቷን አውልቃ ጣለች። እስከ ክርኗ ድረስ በሳሙና ታጠበች፤ ጥፍሮቿን በብሩሽ ፈተገች።

ሁሉንም በሥርዓቱ ነው ያደረገችው፤ ከአንዱ በስተቀር። ቦርሳዋን ያነሳችው በጓንቷ ነው። ዱቄቱ የቦርሳው ማንጠልጠያ ላይ ቁጭ ብሏል፤ እሷም ያንን ማንጠልጠያ በንጹሕ እጇ ጨብጣ ወጣች።

የስብሰባው አዳራሽ ረዥም ጠረጴዛ፣ የሚንሿሿ ቬንቲሌተርና የማይዘጋ መጋረጃ ያለው ክፍል ነው። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ከጎናቸው የሕግ ባለሙያዋና የበጀት ባለሙያው ተቀምጠዋል። እሬቷ እንደ ልማዷ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞረች ሁሉንም ጨበጠች። የምርመራ ኃላፊው ጋ ስትደርስ ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ።

«እኔ ከባለጉዳይ ጋር አልጨባበጥም ልጄ። ቅር እንዳይልሽ።»

«ኧረ ምንም አይደል አባቴ።»

ወዲያው ሻይ ገባ። ሻይ አቅራቢዋ ሽርጥ ያሰሩ እናት ናቸው፤ የብስኩቱን እሽግ ቀድደው በየሰዉ ፊት አስቀመጡ። ሰብሳቢዋ «ሻዩን እየቀመስን እንጀምር» አሉና ብስኩታቸውን ገመጡ።

ማኘካቸውን አቆሙ። መነጽራቸው ከደረታቸው ላይ ተንሸራተተ። ናፕኪን ወደ አፋቸው ወሰዱና ዞር አሉ።

«ምነው?» አሉ የበጀት ባለሙያው፤ እሳቸውም ገመጡ። «እ... እህ! ምንድን ነው ይሄ?»

«ጨው ነው?» አለች የሕግ ባለሙያዋ፣ የራሷን ይዛ።

«ጨውማ በሆነ! እንዳትቀምሺው!»

ቀምሳዋለች። «ወይኔ አፌ! ሻይ... ሻዩ ደግሞ ይባስ!» ስኒውን የያዘችበት እጅ፣ ስኒውን የነካው ከንፈር፤ ሁሉም መረረ።

የሦስቱም ዓይን ሻይ አቅራቢዋ ላይ ዐረፈ። «እሜቴ፣ ከየት ነው ያመጡት?» አሉ ሰብሳቢዋ፤ ድምፃቸው እንደ መጀመሪያው የረጋ አልነበረም።

«ከታች ሱቅ ነዋ! እሽጉን እዚሁ ፊታችሁ አይደል የቀደድኩት?» ሴትዮዋ ትሪያቸውን ደረታቸው ላይ ታቅፈው ቆሙ። «ስኒዎቹንም አሁን ነው ያጠብኳቸው። ልጆቼን ይንሳኝ!»

እሬቷ ገብቷታል። በመጀመሪያው ናፕኪን ጊዜ ነው የገባት። እጇን ጭኗ ላይ እንዳደረገች አየችው፤ ከዚያ ከጎኗ የተቀመጠውን ቦርሳ፤ ከዚያ ማንጠልጠያውን። ዝም ብትል ብስኩቱ ተጥሎ ስብሰባው ይቀጥል ነበር። ከተናገረች ግን ማን ከእንግዲህ ይሰማታል? ባለሥልጣናትን የመረዘች ጎትጓች! የሻይ አቅራቢዋ አገጭ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እሬቷ ተነሳች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። እናቴ፣ እርስዎ ምንም አላደረጉም። ስጨብጣችሁ እጄ ላይ ዱቄቱ ነበረበት።»

«መረዝሽን?» አለች የሕግ ባለሙያዋ ከወንበሯ ብድግ ብላ።

«በጭራሽ። በዚህ መጠን ምንም አያደርግም፤ ሕፃናት ጥፍራቸውን እንዳይበሉ የሚቀባላቸው እኮ ይኸው ነው። ይመራል እንጂ አይጎዳም። ከመታጠባችሁ በፊት ብቻ ምንም ነገር አትንኩ፤ ዓይናችሁንም አትሹ።» ከዚያ ስለ ጓንቱና ስለ ቦርሳው ማንጠልጠያ ነገረቻቸው፤ ምንም ሳታስቀር።

ሦስቱም ወደ መታጠቢያ ቤት ሄዱ። በሩን በክርናቸው እንዲከፍቱ አስተማረቻቸው። ሲመለሱ ሰብሳቢዋ ወረቀቶቻቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። «የእኔ እመቤት፣ በሥራዎ እንዲህ ካልተጠነቀቁ ሌላውን ምን ብለን እናምንዎት? ለዛሬ ይበቃናል መሰለኝ።»

እሬቷ አንገቷን ደፋች። የእናቷ ምድጃ፣ በጨርቅ እንደተሸፈነ፣ ዓይኗ ላይ መጣ።

በዚህ ጊዜ ከጠረጴዛው ጫፍ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ተሰማ። የምርመራ ኃላፊው ብስኩታቸውን በሻይ እያጠቀሱ ይበላሉ።

«ምን ሆናችኋል?» አሉ። «ጥሩ ብስኩት ነው እኮ።»

ሁሉም ዞሩ።

«እርስዎ አልመረረዎትም?» አሉ የበጀት ባለሙያው።

«ምን ይመረኛል? እናንተ ግን...» ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ከባለጉዳይዋ ጋር ተማክራችሁ ቲያትር ታሳዩኛላችሁ? ዛሬ ለእኔ ብላችሁ ነው ይሄ ሁሉ?»

«እኔ ነኝ ቲያትር የምሠራው?» ሰብሳቢዋ ወረቀቱን መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «እኔ? ምላሴ ተቃጥሎ?»

«እርስዎማ አልጨበጧትም!» ጮኸች የሕግ ባለሙያዋ። «ጨብጠው ቢሆን ኖሮ አሁን እናየዎት ነበር!»

ሽማግሌው ማኘካቸውን አቆሙ። ነገሩን አሰላሰሉት፤ በሙያቸው መርማሪ ናቸውና ሐሳቡ ትክክል መሆኑን ለማየት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ተነስተው መጡ።

«የቱ ጋ ነው?»

እሬቷ ማንጠልጠያውን አሳየቻቸው። «ጠርሙሱን ግን አልከፍትልዎትም አባቴ። በትንሿ ጣትዎ ይህችን ነካ ያድርጉ፤ ይበቃዎታል።»

ነካ አደረጉ። አዩት፤ ጣታቸው ላይ ምንም የለም። ሁሉንም በየተራ ገላመጡና ጣታቸውን ምላሳቸው ጫፍ ላይ አስነኩ።

መጀመሪያ ምንም አልሆኑም። ከዚያ ትከሻቸው ወደ ላይ ወጣ፤ ዓይናቸው ተጨፈነ፤ ፊታቸው እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ተሰበሰበ። የበጀት ባለሙያው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። ሰብሳቢዋ ግን አልሸፈኑም፤ ጠረጴዛውን እየመቱ ሳቁ። ሻይ አቅራቢዋ ውሃ ይዘው ሮጡ።

«ይሄ... ይሄን ነው በርሜሉ ውስጥ የምትጨምሩት?» አሉ ሽማግሌው፣ ትንፋሽ ሲያገኙ።

«አዎ። እዚያማ ከዚህ ይበልጣል።»

«በከሰል ቢያጣሩትስ? አያወጡትም?»

ይህን ጥያቄ እሬቷ ለብዙ ጊዜ ስትጠብቀው ነበር። «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለች፤ ከጭንቀቷ መሃል እንኳ የማስረዳት ደስታዋ ብቅ አለ። «ከሰል የተወሰነውን ይይዛል፤ አይይዝም ብዬ አልዋሽዎትም። ግን ነዳጁንም ይጠጣል፤ ደጋግመው ባጣሩት ቁጥር ይቀንሳል፤ ቀለሙም ምሬቱም ሙሉ በሙሉ ለቅቆ ሳይጠፋ ድካሙ ከትርፉ ይበልጣል። የሚሞክር አይጠፋም እላለሁ፤ ሱቅ የሚከፍትበት ግን አይገኝም።»

ሽማግሌው ውሃውን ቀስ እያሉ ጠጡ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለብርጭቆው እንደሚናገሩ ሁሉ፣ «ታናሽ ወንድሜ የሞተው ምን እንዳለበት በማይታወቅ መጠጥ ነው» አሉ። «ከጓሮ የተሸጠ። ለዚህ ነው አልኮል የሚል ወረቀት ሳይ እጄ የማይፈርመው።» ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ይሄን ግን በአፉ አያዞረውም ነበር።»

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አደረጉ። «እንግዲያው እንቀጥል» አሉ።

ውይይቱ እስከ ምሳ ሰዓት ዘለቀ። ሽማግሌው አንድ ሁኔታ አስገቡ፤ ዱቄቱ ሲቀላቀል የእሳቸው ተቆጣጣሪ በቦታው ይኑር፣ በርሜሉም በእሱ ይታሸግ። ማኅበሩ ተቆጣጣሪ ወደ ግቢው እንዲገባ አይፈልግም ነበር፤ እምቢ እንድትልም አስጠንቅቋታል። እሬቷ ግን የዛሬዋን ቦርሳ አስባ፣ «እኔም ብሆን የምጠይቀው ይህንኑ ነበር» አለች። ማኅበሩ ለዚህ ኋላ ተቆጣት፤ ሆኖም አልሻረባትም።

የምድጃውን ነዳጅ ከመጠጥ ግብር ነፃ የሚያደርገው የመመሪያው ማሻሻያ ከወጣ በኋላ ለመጀመሪያው ቁጥጥር ሽማግሌው ራሳቸው መጡ። በመቀላቀያው ክፍል በር ላይ፣ እንደ ልማዳቸው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ሠራተኞቹ ክርናቸውን ሲያጋጩ ትንሽ አዩ። ከዚያ አንድ ክንዳቸውን ከኋላቸው ፈቱና ክርናቸውን ወደ እሬቷ ዘረጉ።

«ይሄኛው ግን ለባለጉዳይ ይፈቀዳል» አሉ።

ያን ሳምንት ወንድሟ ሐምራዊውን ነዳጅ በጀሪካን ጭኖ ሻይ ቤቱ ደጃፍ አወረደ። እናቷ ጨርቁን ከምድጃው ላይ ገፈፈች፤ ሞላች፤ ክብሪት ጫረች። ሰማያዊው ነበልባል ያለ ድምፅ ዙሪያውን ያዘ።

«እማዬ፣ ዳቦ ቁረሺልን» አለ ወንድሟ። «እሷ ገና ከሥራ ነው የመጣችው፣ እንዳትነካብን!»

«ልጄን ተዋት፣ ምላሰኛ!» አለች እናቷ፤ ቢሆንም ዳቦውን ራሷ ቆረሰች።

እሬቷ ሻይዋን ይዛ ከበሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። እናቷ ደንበኞቿን እያስተናገደች፣ እየተቆጣች፣ እየሳቀች ከወዲያ ወዲህ ትላለች። እሬቷ ሻይዋን እስክትጨርስ ድረስ ጆሮዋ ያንን ሳል ሲጠብቅ ቆየ። አልመጣም።